ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ፦ ሕመሙ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ የምትለዩበት መመሪያ

ወገቤን ያለ ሁሉ ዲስክ የለበትም። ጉልበቴን ያለ ሁሉም ሪህ የለበትም። እኛ ጋ ግን ለሕመም ስም የሚያጣ ሰው የለም። አንዱ "ብርድ ነው" ይላል፣ ሌላው "ነርቭ ነው"፣ ሦስተኛው የሚያውቀው ጎበዝ ወጌሻ አለ። በዚህ መሐል ዲክሎፌናኩ ይዋጣል፣ ቅባቱ ይቀባል፣ ሁለት ወር ያልፋል፣ ሕመሙ እዚያው ነው።

ይሄን የምጽፈው ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም። በራሱ ጊዜ የሚድነውን ከማይድነው እንድትለዩ፣ ቤት ውስጥ ምን መሞከር እንደምትችሉ እንድታውቁ፣ ሐኪም ቤት ስትገቡም የሚጠቅም መረጃ ይዛችሁ እንድትገቡ ነው። ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፣ መቼ እንደሚቀል፣ ምን ስታደርጉ እንደሚነሳ ማወቅ ብዙ ጊዜ ከኤምአርአይ ፊልም የበለጠ ይናገራል። ሰው ግን ፊልሙን ይዞ ይሮጣል እንጂ ይሄን አይዝም።

1. መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ

ከማሸትም፣ ከማሳሳብም፣ ከኪኒንም በፊት ይሄ ይቅደም።

ወገባችሁን እያመማችሁ መቀመጫችሁና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳታውቁት ካመለጠ፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ እየከዷችሁ ከመጡ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነገ አይባልም። የአከርካሪው ታችኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ነርቮች ተጨፍልቀው ከቆዩ፣ በኋላ ቢታከም እንኳ ሽንትን የመቆጣጠር አቅም ላይመለስ ይችላል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ሲነካ ትኩስ ሆኖ፣ ሰውነታችሁም ካተኮሰ ያም የዛሬ ጉዳይ ነው። ውስጡ መግል ቋጥሮ ከሆነ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል።

ባታችሁ በአንድ በኩል ብቻ ካበጠ፣ በተለይ ከረጅም በረራ፣ ከወሊድ፣ ከኦፕራሲዮን ወይም አልጋ ላይ ከመሰንበት በኋላ ከሆነ፣ እባካችሁ አታሹት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ያ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል።

እኛ አገር የማይረሳ ሌላ አለ፤ የአከርካሪ ቲቢ። የግድ ሳል የለውም። ለሳምንታት የቆየ፣ ተኝታችሁም የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስና ምግብ ከመጥላት ጋር ከመጣ "ወገብ ነው፣ ያልፋል" ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ወይም ከከብት ጋር የምትውሉ ከሆነ ደግሞ፣ ትኩሳት እየተመላለሰ መገጣጠሚያና ወገብ ሲያም ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም አለና ስለ ወተቱ ለሐኪሙ ንገሩት። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው አዲስ የአጥንት ሕመም ሲጀምረው፣ ወድቀው የተነሱ አዛውንት መቆም ሲያቅታቸው፣ ትንሽ ልጅ ያለ ምክንያት ሲያነክስ፣ እነዚህም ሳይታዩ አይቆዩም።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከሌለ ተረጋጉ። ጊዜ አላችሁ።

2. ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን ጻፉ

ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጠዋት ስትነሱ ለስንት ደቂቃ ተሳስራችሁ ትቆያላችሁ? ሕመሙ ስትንቀሳቀሱ ይብሳል ወይስ ይለቃል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳችኋል? በቃ፣ ሦስት ጥያቄ ነው።

ጠዋት ትንሽ ተሳስሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚፈታ፣ ቀን በሥራ ብዛት እየባሰ ማታ የሚያስቃትት፣ ቁጭ ስትሉ የሚቀል ከሆነ፣ ዕድሜም ከ45 ካለፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦስቲዮአርትራይትስ ነው። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ለስላሳ አጥንት ሲሳሳና ዙሪያው ሲለወጥ የሚመጣው ማለት ነው። ጉልበት፣ ዳሌና የእጅ ጣቶች ላይ ይበረታል።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ አለ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ የሚቆይ፣ ስትንቀሳቀሱ የሚሻለው፣ ዕረፍት የሚያብሰው። የሁለቱም እጅ ጣቶች ሥር ያብጣል፣ ቀለበት አልገባ ይላል፣ የቡና ስኒ ማንሳት ይከብዳል። ይሄ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሩማቶይድ አርትራይትስ ሊሆን ይችላል፣ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይይዛል። "ቁርጥማት ነው" ተብሎ ለዓመታት የሚጎተተው ይሄ ነው፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱም የሚሠራው መገጣጠሚያው ሳይጣመም ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። እብጠቱ ስድስት ሳምንት ካለፈው ቅባት እየቀያየራችሁ አትጠብቁ። በ20ዎቹና በ30ዎቹ ያሉ ወጣቶች ደግሞ የወገብ ሕመም ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ እየቀሰቀሳቸው ተነስተው ሲንጎራደዱ የሚሻላቸው ከሆነ፣ እሱም የዚህ ዘመድ ነውና ይታዩ።

ሦስተኛው ዓይነት በድንገት የሚመጣው ነው። ማታ ደህና ተኝታችሁ ሌሊት የእግር አውራ ጣት ሥር ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮህ። ይሄ ነው እውነተኛው ሪህ፣ ጋውት የሚባለው፤ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ጨው ሠርቶ ሲቀመጥ የሚመጣው። ቢራና ሥጋ ያነሳሱታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን የደም ምርመራው ትክክል ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ "ዩሪክ አሲድህ ኖርማል ነው" ተብላችሁ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ተመርመሩ።

3. ጡንቻ ነው፣ መገጣጠሚያ ነው ወይስ ነርቭ?

ይሄን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፣ አንድ ሰው ብቻ ያስፈልጋችኋል። መጀመሪያ የሚያመውን ቦታ ራሳችሁ አንቀሳቅሱት። ከዚያ ክንዳችሁን ወይም እግራችሁን ልቀቁትና ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስላችሁ።

ራሳችሁ ስታንቀሳቅሱት የሚያም፣ ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው ግን ያለ ችግር የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ላይ ነው። ማንም ቢያንቀሳቅሰው እዚያው ቦታ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ወደ መገጣጠሚያው አስቡ። እንቅስቃሴው ደህና ሆኖ የሚያቃጥል፣ የሚደነዝዝ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ መስመር ይዞ የሚወርድ ከሆነ ነርቭ ነው። ፍጹም አይደለም፣ ግን ብዙ ያጠራል።

ጡንቻ ብቻውን ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። በሰሞነ ሕማማት ሰግዶ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው አልታመመም፤ ያልለመደ ጡንቻ ከሠራ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይከብዳል፣ ከዚያ ይለቃል። ሽንቱ ጠቁሮ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ሁለቱም ጭንና ሁለቱም ትከሻ ለወራት የሚዝሉ፣ ከወንበር መነሳት የሚከብዳችሁ ከሆነ ቫይታሚን ዲ ይመርመርላችሁ። በተለይ ዓረብ አገር ቤት ውስጥ ውለው ቤት ውስጥ የሚያድሩ እህቶቻችን፣ ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ሳያገኙ ይከርማሉ። አውሮፓ ያላችሁም ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ስታቲን የሚባሉ መድኃኒቶችም ጡንቻ ያሳምማሉ፤ ሳትነግሩ አታቋርጡ፣ ግን ንገሩ።

4. ቦታ በቦታ

ጉልበት። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይሄን ምርመራ በየቀኑ ይሠራዋል። ከመውጣት ይልቅ መውረድ የሚያም፣ ሕመሙ ከጉልበቱ ሎሚ (ከፊት ካለው ክብ አጥንት) አካባቢ የሆነ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ የሚብስ ከሆነ ችግሩ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ወጣቶች ላይ ይበዛል፣ መፍትሔውም የጭንና የዳሌ ጡንቻን ማጠንከር ነው። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ስታፈላ ቆይታ፣ ለመነሳት እጇን ጉልበቷ ላይ ተጭና "እህህ" የምትለው እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለባት ኦስቲዮአርትራይትስ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ስጧት። ቁጢጥ ብሎ መጠቀም ካቃታት ሽንት ቤቱም መቀመጫ ያስፈልገዋል። ይሄ ከብዙ ቅባት ይበልጣል።

ኳስ ስትጫወቱ ዞሮባችሁ ከሆነ እብጠቱ የመጣበትን ሰዓት አስታውሱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተነፍቶ ከሆነ ውስጡ ደም አለ፣ ዋናው የመሐል ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ ቀስ ብሎ ካበጠ ሜኒስከስ የሚባለው ትራሱ ይጠረጠራል፤ ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎ ከተቆለፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው እሱ ነው፣ በቶሎ ታዩ። እየሄዳችሁ ጉልበታችሁ የሚከዳችሁ ከሆነ ያለ ምርመራ ወደ ሜዳ አትመለሱ።

ክብደት ያላችሁ ሰዎች አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ኦስቲዮአርትራይትስ ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደተለካው 1 ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይቀንሳል። 5 ኪሎ ምን እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ጉልበቱ ላይ ምንም ሳይገኝ ጉልበት የሚያም ከሆነ ዳሌን አስመርምሩ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው፣ አንዳንዴም ወርዶ ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል።

ወገብ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዛኛው የወገብ ሕመም፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል፣ አንድ የተለየ የተበላሸ ነገር ተገኝቶበት "ይሄ ነው" የሚባል አይደለም። ብዙውም በስድስት ሳምንት ውስጥ በደንብ ይሻለዋል። ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት ኤምአርአይ ይነሳና ወረቀቱ ላይ "ዲስክ" (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ) የሚል ሲያነብ ሕይወቱ ያበቃ ይመስለዋል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ሲነሱ ምን እንደሚታይ ተጠንቷል፦ 50 ዓመት ከሆናቸው ጤነኞች 60 ከመቶ ያህሉ ዲስካቸው ያበጠ ነው፣ 80 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ዲስካቸው ያረጀ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መገኘቱ ብቻውን ሕመሙን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። ዲስክ ደግሞ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም። የውስጡ ክፍል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም በወራት ውስጥ ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል።

እና ነርቭ መነካቱን በምን እናውቃለን? ሕመሙ ከወገብ ይልቅ እግር ላይ የሚከፋ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ስታስነጥሱ የሚነዝር ከሆነ። አሁን ግድግዳ አጠገብ ቁሙና በተረከዛችሁ ብቻ አሥር እርምጃ ሂዱ። ከዚያ በጣቶቻችሁ ጫፍ። በተረከዝ ስትሄዱ የአንዱ እግር ፊት እየወደቀ መሬት የሚነካ ከሆነ፣ ወይም በአንዱ እግር ጣቶች መቆም ካቃታችሁ ነርቩ ደክሟል። መታመም ሌላ፣ መድከም ሌላ ነው። ድካም ካለ ስድስት ሳምንት አትጠብቁም፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ያያችሁ። አዛውንቶች ደግሞ ትንሽ ሲሄዱ ሁለቱም እግር ከብዶ፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ የሚለቃቸው ከሆነ የነርቩ መተላለፊያ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

አልጋ ላይ መተኛት ከአንድ ሁለት ቀን ካለፈ ይጎዳል። "ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ፣ አትንቀሳቀስ" የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። ተራመዱ፣ አጭር አጭር መንገድ፣ በቀን ደጋግማችሁ።

ትከሻ። ነጠላዋን ወደ ኋላ መጣል ያቃታት፣ ጡት መያዣዋን ከጀርባ መቆለፍ የማትችል፣ ዕድሜዋ ከ40 እስከ 60 የሆነች ሴት "ፍሮዝን ሾልደር" የሚባለው የደረቀ ትከሻ ሊሆን ይችላል ያለባት። ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁና ክንዳችሁን ወደ ውጭ ክፈቱ። ራሳችሁም ሌላ ሰውም መክፈት ካልቻላችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ ግን አብዛኛው ይለቃል። ስኳር ያለባቸውን በብዛት ይይዛል፤ ተመርምራችሁ የማታውቁ ከሆነ ስኳራችሁን ተለኩ። ክንድ ሲነሳ መሐል መንገድ ላይ ብቻ የሚያምና ላይ ሲደርስ የሚተው ግን የጅማት ነገር ነው፣ በልምምድ ይስተካከላል።

ክርንና እጅ። ብርድ ልብስ በእጁ ሲጨምቅ የክርኑ ውጭ የሚያመው ሰው ቴኒስ ባይጫወትም "ቴኒስ ኤልቦ" ነው ያለበት። ሌሊት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ደንዝዞ እጁን እያራገፈ የሚነቃ ሰው የእጅ አንጓው ላይ ነርቭ ታፍኗል፤ ማታ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይጀምር። እርጉዞች ላይ የተለመደ ነው። ሕፃን በብብቱ እያነሳች በአውራ ጣቷ ሥር የሚያማት እናት አነሳሷን ትቀይር፣ መዳፏን ከመቀመጫው ሥር አድርጋ ታንሳው።

ተረከዝ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እንደ ሚስማር የሚወጉ፣ ከዚያ የሚቀሉ ከሆነ የውስጥ እግር ጅማት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ሳቡና 10 ሰከንድ ያዙ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ስስ ሲሊፐር ጣሉ። ወራት ይፈልጋል፣ ይድናል።

ቁርጭምጭሚት። ወለም ሲላችሁ ሁለት ነገር እዩ። አራት እርምጃ መሄድ ትችላላችሁ? የቁርጭምጭሚቱን ጎልተው የሚታዩ አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ስትጫኑት ያማል? መሄድ ካቃታችሁ ወይም አጥንቱ ሲጫኑት ካመመ ራጅ ተነሱ። የወረት ወሬ አይደለም፣ ከ1992 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው።

ስለ ወጌሻም ልናገር። ብዙዎቹ ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ ነው ይባላል፣ አልከራከርም። ስብራት ላይ ግን በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ እጅና እግር ደም አጥቶ ጠቁሮ የተቆረጠባቸው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታሎቻችን ሲመጡ ኖረዋል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ማንንም ሳትጠይቁ እስሩን ፍቱትና ሆስፒታል ሩጡ። የቀራችሁ ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው። ጂፕሰም የታሰረውም ቢሆን እንዲሁ ነው፣ እሱን ግን እዚያው ያሰረው ጋ ወይም ቅርብ ያለ ሆስፒታል ያስፈቱ።

5. ቤት ውስጥ የሚሠራው

አዲስ ጉዳት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ 15 ደቂቃ። የቆየና የተሳሰረ ላይ ሙቀት። ከዚህ በላይ አትጨነቁበት።

ዋናው ልምምድ ነው፣ ሰው የማይወደውም እሱን ነው። ለጉልበት ሁለት ብቻ ልስጥ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ አንዱን ጉልበት እጠፉ፣ ሌላውን ቀጥ አድርጋችሁ 30 ሴንቲሜትር ያህል አንሱ፣ 5 ሰከንድ ያዙ፣ አውርዱ። አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሁለተኛው፣ ከወንበር ላይ በእጃችሁ ሳትደገፉ ተነሱና ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ዝቅ ካለ ወንበር ካቃታችሁ ትራስ ጨምሩበት፣ ስትጠነክሩ ታወጡታላችሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ነው፣ ሰው የሚያቋርጠው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው።

"እያመመኝ ልሥራ?" ለሚለው ልኬት አለው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት። ስትሠሩ ከ3 ወይም ከ4 ካላለፈ፣ በማግሥቱም ወደ ነበረበት ከተመለሰ ቀጥሉ። ካለፈ አታቁሙ፣ ቀንሱ።

ኪኒን ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወንድማማቾች ናቸው፣ አብረው አይወሰዱም። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ደም ግፊት ወይም ልብ ላይ ችግር ካለባችሁ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ ያለ ሐኪም አትንኳቸው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራ እየደማ ነው፣ ተዉትና ሐኪም ቤት ሂዱ። ፓራሲታሞል የ500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይለፍ። "አንድ መርፌ ተወጋሁ፣ እንደ ተአምር ለቀቀኝ" ሲባል መርፌው ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ (እብጠትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት) ሊሆን ይችላል። ሲደጋገም ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል። ምን እንደተወጋችሁ ስሙን አስጽፉ።

6. ሐኪም ፊት

ያን የሳምንት ማስታወሻ አውጡ። በየትኛው ቀን፣ ምን ስታደርጉ እንደጀመረ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚያሳስር፣ ከዚህ በፊት የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ ቅጠሉንም መርፌውንም፣ ንገሩ። ሥራችሁንም ንገሩ፤ ሹፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ላይ ጎንበስ የምትል እንጀራ ጋጋሪ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳ ሰው ሕመማቸው አንድ አይደለም። ኤምአርአይ ሲታዘዝላችሁ "ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ከተላካችሁ ደግሞ በሙቀት መብራትና በማሽን ብቻ አስተኝቶ የሚሸኛችሁን አትቀበሉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቤት የምትሠሩትን ልምምድ ያሳያችሁ፣ እናንተም ፊቱ ሠርታችሁ ያርማችሁ፣ በስልካችሁ ቅረጹት። በስድስት ሳምንት ውስጥ በሚገባ ሠርታችሁ ምንም ካልተለወጠ ያንኑ ነገር ለሌላ ስድስት ሳምንት አትድገሙ፣ ተመልሳችሁ ግቡና ምርመራው ራሱ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።